የምራቴ እጅና የልጄ ብረት

ወደ ሱቃችን የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፤ ወንበሬ በሩ ሥር ነውና። አይቶኝ ሲያበቃ አንገቱን አስግጎ በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ውስጥ ያማትራል። «ባለሙያው የለም?» ይላል። የሚጠይቀው እኔን ነው እንግዲህ። ወንበሩ አፍ ቢኖረው እኔን ትቶ ወንበሩን በጠየቀ ነበር።

ባሌ በሕይወት ሳለ ቆዳውን የምነክረው፣ ጠጉሩን የምፍቀው፣ ከበሮው ላይ የምወጥረው እኔ ነበርኩ። እሱ ግንዱን ይቦረቡራል፣ ያለሰልሳል፣ ከዚያ በር ላይ ቆሞ የሁለታችንን ምስጋና ለብቻው ይቀበላል። ደህና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር፤ ምስጋና ማካፈል ግን አልፈጠረበትም። ሲሞት ሥራውን ልጄ ተረከበ። ዓይኔ መድከሙን ያወቀ ዕለት እጄን ይዞ ከጠረጴዛው አነሳኝና በር ላይ አስቀመጠኝ።

«አንቺ እዚህ ሆነሽ እንግዳ ተቀበይ እማዬ» አለኝ፣ «ደንበኛ ትልቅ ሰው ሲያይ ደስ ይለዋል።»

ደስ የሚለው ደንበኛ እስካሁን አልመጣም።

ልጄ ሰነፍ አይደለም። ቢሰንፍ ይሻለን ነበር፤ የሰነፍ ሰው ጥፋት ትንሽ ነው። እሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ ይውላል፣ የሚሠራውም ሁሉ ያው ጥፋት ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ልናገር፤ ከበሮ የማያውቅ ሰው ይበዛል፣ የሚመታው ሰው እንኳ ሳይቀር።

እኛ የምንሠራው በእጅ የሚመታውን፣ ተቀምጠው በጉልበት መሀል የሚይዙትን ረጅም ከበሮ ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ዳር ዳሩ በሽቦ ቀለበት ላይ ይጠቀለላል። በቀለበቱ ላይ ወፍራም የብረት ክብ ይገባና በመንጠቆና በብሎን ወደ ታች ይጎተታል፤ ቆዳው የሚወጠረው ያን ጊዜ ነው። ጣጣው ሁሉ ያ ብረት የት ይቁም የሚለው ላይ ነው። ቆዳው በእርጥቡ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ተስቦ፣ አንገት አውጥቶ እዚያው ከደረቀ፣ ብረቱ ከከበሮው አፍ በታች ይውላል። የመቺው እጅ የሚያርፈው ቆዳ ላይ ነው፣ ሌላ የሚያገኘው ነገር የለም። አንገት ሳያወጣ ከደረቀ ግን ብረቱ ከአፉ እኩል ይቆማል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል። መቺው እጁን ባሳረፈ ቁጥር ጣቱ ከመዳፉ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ብረት ይቀበለዋል።

ልጄ ብረቱን ላይ ነው የሚያቆመው። ስንት ጊዜ ነገርኩት።

«እማዬ፣ ቆዳ ከጊዜ ጋር ይላላል» ይለኛል። «አሁን ታች ካወረድኩት ነገ ሰውየው በምን ያጠብቀዋል? ቦታ ልተውለት እንጂ።»

ይቺ ክርክሩ እውነት አላት፤ አልንቃትም። የምንቀው ሌላውን ነው። ብረቱን እንደ አዲስ ሳንቲም ይወለውለዋል፤ ከመንገድ ማዶ ሲያብረቀርቅ ይታያል፣ ደንበኛ ይስባል። ታች ቢውል ማን ያይለታል? ደግሞ ልጄ ከበሮ ይሠራል እንጂ አይመታም። ሠርቶ ሲጨርስ በአውራ ጣቱ መሀሉን ጠብ ጠብ ያደርግና «ሰማሽ?» ይላል። መስማቱንስ እሰማለሁ። እኔ ከበሮ የምሞክረው በእጅ አንጓዬ ነው፣ በውስጠኛው በኩል፣ የሕፃን መታጠቢያ ውሃ በሚሞከርበት። የእኔ መዳፍ በሥራ ብዛት ደንድኗል፣ ምንም አይነግረኝም። አንጓ ላይ ያለው ቆዳ ግን ገና የሕፃን ነው፤ የሚነክሰውን ነገር ወዲያው ያውቃል።

አሁን ወደ ምራቴ ልምጣ። ምራቴ ከበሮ መቺ ናት። ሠርግና አዳራሽ እየዞረ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ነው ያለችው። የባንዱን መሪ እኔ ሽቶ ነው የምለው። ከእሱ ቀድሞ ሽታው ይገባል፣ እሱ ከወጣም በኋላ ሽታው ተቀምጦ ይቆያል፤ ያን ቀን ቆዳዎቼ ሁሉ ሙሽራ ሙሽራ ይላሉ። እሱ ራሱ ምንም አይመታም፣ ምንም አይነፋም። ፊት ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፤ ሁለት ቀለበት ያደረገ እጅ ነው፣ ሰው እንዲያየው ይመስለኛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ቆዳ ሊገዛ ሩቅ ሄዶ ሳለ፣ እኔና ምራቴ ግቢ ውስጥ አንሶላ እያጠብን ነበር። በአንዱ ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ በሌላው እሷ፣ ለመጭመቅ። እኔ እጠመዝዛለሁ፣ ከእሷ በኩል ምንም የለም።

«ጭመቂው እንጂ። ድመት እያባበልሽ ነው?»

«እየጨመቅኩ ነው እማማ።»

ውሃው አንሶላው ውስጥ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ጫፌን ለቅቄ ሄድኩና እጇን ያዝኩት። ዓይኔ ቢደክምም ጣቴ አልደከመም። መዳፏ ከጣቶቿ ሥር አብጧል፣ ግሏል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ፕላስተር ደራርባለች። ስነካት ትንፋሿን ዋጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል። በር መታኝ።»

«ሁለቱንም እጅሽን? መቼም ጨዋ በር ነው፣ አያዳላም።»

ከዚያ አለቀሰች። ምራቴ ለማልቀስ ምክንያት አይጠፋትም፤ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ከሽንኩርቱ ቀድማ ነው የምትጀምረው። ይሄኛው ግን ድምፅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ቆሜ ጠበቅኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወር በላይ እጇ ሲያብጥባት ሰንብቷል። ረጅሙ የሠርግ ዘፈን መሀል ላይ ስትደርስ ጣቶቿ አልታዘዝ ይሏታል፣ ምቷ ይሰንፋል። ሽቶ በሰው ፊት «የሴት እጅ ለዳንቴል ነው የተፈጠረው» ብሏታል። ቅዳሜ እዚህ ድረስ መጥቶ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ስትመታ ሊሰማ ነው። ካልቻለች ቦታዋን ለሚስቱ ወንድም ይሰጠዋል።

«ለባልሽ አልነገርሽውም?»

«ነግሬዋለሁ እኮ። እጅሽ ሲደነድን ይተውሻል፣ ልምምድ ጨምሪ አለኝ። ጨመርኩ።»

«ብረቱ ነው የሚመታኝ አላልሽውም?»

«ትልቁንም ትንሹንም ከበሮዬን እሱ ነው የሠራልኝ፣ ለሠርጋችን። እንዴት ብዬ ያንተ ስጦታ ይነክሰኛል ልበለው?»

እንዲህ ያለ ሞኝነት ያየሁት በዚህ ቤት ብቻ ነው። ከበሮ ሠሪ ያገባች ከበሮ መቺ፣ ባሏን እንዳታስቀይም እጇን በፕላስተር ጠቅልላ ትቆስላለች። እሱ ደግሞ በአንድ አልጋ እየተኛ እጇን አያየውም።

«ከባንዱ ብትወጪ ምን ይቀርብሻል?» አልኳት።

«ሌላ ነገር አልችልም እማማ። ይህን ብቻ ነው የምችለው።»

ይሄ እውነት ነው። ወጥ አትችልም፣ ስፌት አትችልም፤ እንግዳ ሲመጣ ከእንግዳው ቀድማ ትቀመጣለች። ከበሮ ግን ትችላለች። በሩ ሥር ተቀምጬ ስትለማመድ ስሰማ፣ ማን እንደሆነች እረሳና እግሬ ሳላዘው መሬቱን ሲመታ አገኘዋለሁ። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ ምን በወጣኝ።

«ትልቁን አምጪው» አልኳት።

አመጣችው። አንጓዬን አፉ ላይ አሳረፍኩ። ብረቱ ነከሰኝ። ዳሩ ስለት ነው፣ ቁመቱም ከቆዳው በላይ ነው። ለልጄ ያልተናገርኩት ስድብ አልነበረም፣ እሱ ግን ሩቅ ነበር።

«ፍቺው።»

«እሱ ሳያውቅ?»

«ሲመጣ ያውቃል። መፍቻውን አንሺ።»

አሮጌውን ቆዳ እንደገና ነክሮ ወደ ታች መሳብ አይቻልም፤ ልጄ ትርፉን ከሥሩ ከርክሞታል፣ አንገት የሚሆን አልተወለትም። እኔ ግን ከአልጋዬ ሥር የጠቀለልኩት አንድ የጥጃ ቆዳ ነበረኝ፣ ከባሌ ዘመን የቀረ። አንድ ብቻ ነው፤ ለትንሹ ከበሮ አይተርፍም። ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፍኩትና ብረቱን ይዤ ጎረቤታችን ወዳለው ብየዳ ቤት ሄድኩ።

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ። «እማማ፣ ይሄ የልጅዎ ብረት አይደል? እሱ ነው የላከዎት?»

«አንተን ወደ ሥራ እናትህ ናት የምትልክህ? ዳሩ ላይ ክብ ዘንግ ዙሪያውን በይድልኝ። ከዚያ ሞርደው፤ ጉንጬ ላይ ባስኬደው እንዳይጭረኝ።»

«ጉንጭ ላይ የሚያስኬዱት ለምንድን ነው?»

«አንተ ሞርደው፣ ጉንጩን ለእኔ ተወው።»

ሞረደው። ጉንጬ ላይ አስኬድኩት፤ ጫረኝ። መለስኩለት። ሦስተኛው ላይ እሱ ራሱ ጉንጩ ላይ አስኪዶ ነው የሰጠኝ። ከሰው ሁሉ መሀል የሚማር እሱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፣ እሱም ከበሮ ሠሪ አይደለም።

በማግስቱ ቆዳው ለስልሶ ተነሳ። በቆዳው መሀል የከብቱ ጀርባ ያለፈበት ወፍራም መስመር አለ፤ እጅ የሚያርፈው ከእሱ ወዲያና ወዲህ እንዲሆን መቀመጥ አለበት። እሱን ዓይን ይፈልገዋል።

«መስመሩ የት ነው?»

«ወደ እርስዎ ነው።»

«ወደ እኔ አይደለም የሚባለው። ወደ በሩ ነው ወደ ግድግዳው?»

«ወደ በሩ።»

«አዙሪው እንግዲህ፤ የሚመታው በሩ አይደለም።»

ቀለበቱን ጠቀለልን፣ ብረቱን ጫንን። ብሎኑን እሷ አጠበቀች፣ እኔ ቆዳውን በሁለት እጄ ወደ ታች ስቤ ያዝኩ። አንዱን ብሎን እስኪጨርስ ልታዞረው ስትል እጇን መታሁት፤ ቀስ ብዬ ነው፣ ያበጠውን አልነካሁም።

«ትንሽ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን። የተጣሉ ጎረቤቶች ናቸው፤ ለሁለቱም እኩል ፊት ስጪ፣ ያለዚያ አንዱ ያኮርፍና ሁሉን ያጣምምብሻል።»

ሳቀች። ይቺ ልጅ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው መሰለኝ። ብረቱ ሁለት ጣት ሲወርድ አቆምን።

ቀሪው መድረቅ ነው። ዝናቡ ደግሞ አላባራ ብሏል። ከጓዳችን ጀርባ ዳቦ ቤት አለ፤ የምድጃው ሙቀት በግድግዳችን ይመጣል። ከቀትር በኋላ ወደ ጓዳ ስገባ ከበሮውን ከቦታው አጣሁት። በእጄ ስፈልግ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት።

«ማን ነው እዚህ ያስጠጋው?»

«ቅዳሜ እንዳይደርስብን ብዬ…»

«ሙቀት ፊቱን ነው ቀድሞ የሚያደርቀው። ፊቱ ሲደርቅ ገና እርጥብ የሆነውን አንገት ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ብረቱም አብሮ ይወጣል። ያኔ የባልሽን ከበሮ በእኔ ቆዳ ሠራሽ ማለት ነው።»

ወንበሬን ከበሩ አስነሳሁና በግድግዳውና በከበሮው መሀል አስቀመጥኩት። ሙቀቱን ጀርባዬ ተቀበለው። ለጀርባዬ ተስማምቶታል፤ ልጄ ካደረገልኝ ነገር ሁሉ ይበልጣል።

ሐሙስ ከሰዓት ልጄ ቆዳ ተሸክሞ ገባ። መጀመሪያ በሩ ላይ አጣኝ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ እኔን አየ፣ ከእኔ ፊት ያለውን አየ። ሸክሙን መሬት ላይ ጣለው።

«እማዬ። ምን አድርገሽ ነው?»

«አንገት አወጣሁለት።»

«የኔ ሥራ እኮ ነው ይሄ። የሠርጌ ስጦታ ነው።» ጣቱን ብረቱ ላይ አስኬደ፣ በየዳውን ነካ። «አበላሽተሽዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ብሎኑ የሚዞርበት ቦታ ያልቅበታል፣ ከዚያ ቆዳው አይጠብቅም።»

«ያን ጊዜ ቆዳ ትቀይርለታለህ። ቆዳ ተሸክመህ አይደል የመጣኸው? ጣት ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ግን አላየሁም።»

«እንዴት ነው ቅዳሜ የሚደርቀው በዚህ ዝናብ? ቢያንስ ወደ ግድግዳው…»

«አይነካም።»

«ባይደርቅስ?»

«ባይደርቅ ሚስትህ ቦታዋን ታጣለች። ጥፋቱም የእኔ ይሆናል፤ በር ላይ ተቀምጬ እሰደብበታለሁ።»

ፊቱን አጠቆረ መሰለኝ፤ ሲናደድ በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው። «እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ሥራዬን ንቀሽው ነው።»

«ሥራህን ሚስትህ እጅ ላይ ነው ያየሁት። አንተም ሄደህ እይ።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን ከቀሚሷ ኪስ አላወጣችም። እሱም አውጪ አላላትም። ወጥቶ ሄደ፣ ያመጣውንም ቆዳ ሲያራግፍ ዋለ። ከበሮውን ግን አልነካም፤ ለዚህ ለዚህስ አሳድጌዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆዳውን በአንጓዬ ዳሰስኩት። ፊቱ ደርቋል። አንገቱ ላይ ትንሽ ቅዝቃዜ አለ፤ እርጥበት ነው፣ አንድ ቀን ቢጨመርለት ደስ ባለኝ። የሚጨመር ቀን ግን አልነበረም።

ሽቶ ከሚስቱ ወንድም ጋር መጣ፤ ሽታው ቀድሞ፣ እነሱ ተከትለው። እኔን ሳያይ አልፎ ልጄን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ባለሙያው፣ እንዴት ነህ?» የሚስቱ ወንድም ወፍራም ወጣት ነው፤ ገና ሳይጠራ ወንበር ስቦ ከበሮዎቹ አጠገብ ተቀመጠ፣ ጣቶቹን እያንቋቋ።

«በይ እህቴ» አለ ሽቶ፣ «ዛሬ ደከመኝ የለም።»

ምራቴ ፕላስተሯን ላጠችው። ትልቁን ከበሮ ብቻ በጉልበቷ መሀል ያዘች፣ ትንሹን ወደ ጎን ገፋችው። ጀመረች። እጇ ገና አብጧልና የመጀመሪያዎቹን ምቶች ፈርታ ነው ያሳረፈቻቸው፤ ብረቱን እየጠበቀች። ብረቱ አልመጣም። ቆይታ እንደገና ፈራች፤ አሁንም አልመጣም። ከዚያ እጇ ራሱ የገባው መሰለኝ፤ ጣቶቿ ተዘርግተው ሙሉ በሙሉ መውደቅ ጀመሩ። ዘፈኑ የሚፈጥንበት ቦታ ላይ ደረሰ፣ ሁልጊዜ የምትሰንፍበት ቦታ። አልሰነፈችም። እኔ ቆሜ ነበር፣ ሳላስበው። ልጄ ብሎኖቹን ነበር የሚያየው፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ እጇ አነሳ፣ እዚያው ቀረ።

ጨረሰች። እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ አሳረፈች።

«ድምፁ ትንሽ ወፍሯል» አለ ሽቶ።

ልክ ነው፣ ወፍሯል፤ እርጥበቱ ነው፣ ነገ ይቀጥናል። ለእሱ ማስረዳት ግን አላስፈለገኝም።

«ቦታሽ አለ፣ ትቀጥያለሽ» አላት። ምራቴ ዓይኗን ጨፈነች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። «አየሽ አይደል? ባልቆጣሽ ኖሮ እንዲህ አትመቺም ነበር። ጠንከር ሲሏት የሴት እጅም ይጠነክራል። በመጪው ሠርግ ደግሞ ትንሹንም አብረሽ ነው የምትመቺው፤ እንዲሁ ሳታቋርጪ። ሰበብ አልሰማም።» ወደ ልጄ ዞሮ ትከሻውን መታ አደረገው። «አንተም እጅህ ይባረክ። ምን ዓይነት ከበሮ ነው የሠራህላት!»

ልጄ አፉን ከፈተ። ጠበቅኩት። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለ፣ እንደ አባቱ።

ትንሹ ከበሮ ጎን ላይ ቆሟል፣ ብረቱ ወደ ላይ ወጥቶ እያብረቀረቀ። እኔ ዘንድ ሌላ የጥጃ ቆዳ የለም፤ ልጄ ዘንድ ያመጣው ቆዳ ክምር አለ፣ እንዴት እንደሚወጥረው ግን ገና ልቡ አልወሰነም። ሽቶ ደግሞ ሰበብ አልሰማም ብሏል። የዚያች ልጅ እጅ በዚህ ሁሉ መሀል ዳግመኛ ሊያብጥ ነው።

ትንሹን ከበሮ አነሳሁት። ከባድ አይደለም። ለሽቶ ወንበር አስጠጋሁለትና ከበሮውን ከወንበሩ ፊት ተከልኩት።

«ምንድን ነው እማማ? እርስዎ ይረፉ።»

«ተቀመጥ።»

«እኔ አልመታም እኮ፣ እኔ መሪ ነኝ።»

«እጅ የለህም? ያወናጨፍከው ምንህን ነው?» የሚስቱ ወንድም ሳቀ። «ይሄ የልጄ ሥራ ነው፣ አሁን ያመሰገንከው። ያኛው የእኔ ነው። እሷን ዘፈኑን ሳታቋርጥ ምቺ ብለሃታል፣ መትታልሃለች። በመጪው ሠርግ በዚህ ላይ እንድትመታ ከፈለግህ፣ መጀመሪያ አንተ ሳታቋርጥ ትመታበታለህ። ካቃተህ ከበሮው እስኪሠራ ድረስ ትጠብቃታለህ።»

ልጄ «እማዬ» አለ።

«አንተ ና፣ አጠገቡ ቁም። ፊቱን አትይ፤ እጁን እይ። የሚስትህን ለማየት አንገትህ ካልታጠፈ በእሱ ተለማመድ።»

መጣ፣ ቆመም።

«ቀለበቶችህን አውልቅ» አልኩት ሽቶን፣ «ቆዳውን እንዳትጭርብኝ። አሁን ምታ። እሷን ምቺ እንዳልካት አድርገህ፣ በሙሉ እጅህ፤ በቃ እስክልህ ድረስ።»